የፖስታ ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ባለትዳሮች፣ እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በቤታችሁ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ የሚይዘው ማነው? በብዙ ቤት የክሬዲት ካርድ ዕዳ ተደብቆ የሚያድገው እዚያ ነው። አንዱ ፖስታውን ቀድሞ ይወስድና መኪና ውስጥ ያኖረዋል፤ ሌላው ምንም አያውቅም። ዛሬማ መግለጫው በስልክ ስለሚመጣ መደበቁ ይበልጥ ቀሏል።

ዕዳው ሁልጊዜ ከብክነት አይመጣም። አገር ቤት የታመመች እናት አለች፤ የአውሮፕላን ትኬት አለ፤ ሠርግና ለቅሶ አለ። "የለኝም" ማለት ሲያሳፍር ካርዱ ይመዘዛል።

የደበቃችሁት ካለ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተናገሩ። ስትናገሩ ግን ሁሉንም ተናገሩ። "2,000 ብቻ ነው" ብሎ ጀምሮ ከወር በኋላ ሌላ 3,000 ሲወጣ፣ የትዳር ጓደኛን የሚጎዳው ገንዘቡ አይደለም። ካርዶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና የእያንዳንዱን ዕዳና ወለድ በወረቀት ጻፉ። የምትሰሙትም ብትሆኑ፣ በዚያ ምሽት ለቁጣ አትቸኩሉ፤ ሒሳቡ ይበቃል።

ሒሳቡም ይህን ይመስላል። 24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ያለበት የ5,000 ዶላር ዕዳ በመጀመሪያው ወር ብቻ 100 ዶላር ያህል ይወልዳል። አዲስ ነገር ሳትገዙ በየወሩ 150 ዶላር ብትከፍሉ 4 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ወለዱም ከ3,300 ዶላር ያልፋል። 250 ብትከፍሉ ግን በ26 ወር ገደማ ይዘጋል፤ ወለዱም ወደ 1,450 ዶላር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በወርኃዊ መግለጫው ላይ እንዲጻፍ ያስገድዳል። አብራችሁ አንብቡት።

ለሁሉም ካርዶች ዝቅተኛውን እየከፈላችሁ፣ የተረፈውን ሁሉ ወለዱ ከፍ ባለው ላይ አድርጉ። ቶሎ ተስፋ የምትቆርጡ ከሆነ ከትንሹ ዕዳ ጀምሩ፤ ወለዱ ጥቂት ቢጨምርም አንዱን ዘግቶ ማየት ጉልበት ይሰጣል። ዕቁብ ሲደርሳችሁ ወደ ዕዳው ይግባ። ዕቁብ ለመጣል ግን ከካርድ ጥሬ ገንዘብ አታውጡ፤ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ዕለት ይጀምራል።

በጋብቻ አንድ ብትሆኑም የክሬዲት መዝገባችሁ ሁለት ሆኖ ይቀጥላል። እንደ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ግን በትዳር ውስጥ የተገባ ዕዳ የሁለታችሁም ሊባል ይችላል። 30 ቀን ያለፈ ክፍያ መዝገቡ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ መክፈል ሲያቅታችሁ ቀኑ ሳያልፍ ባንኩ ጋ ደውሉና ቅናሽ ጠይቁ። "ክሬዲታችሁን እናጸዳለን" ብሎ ሥራውን ሳይሠራ ቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ድርጅት ሕግ እየጣሰ ነው። በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን ያለውን መዝገባችሁን አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ሌላ ሰው በስማችሁ እንዳይበደርም በሦስቱም ዘንድ መዝገቡን ማስቆለፍ ከ2018 ጀምሮ ነፃ ሆኗል።

አንድ ነገር ቀረን፤ ዋስትና። ከአምልኮ በኋላ አንድ ወንድም "ለመኪና ብድር ፈርምልኝ" ሊል ይችላል። እርሱ ካልከፈለ ባንኩ ሙሉውን ከእናንተ ይጠይቃል፤ ክፍያ ካዘገየም የእናንተ መዝገብ ይበላሻል። "ከባለቤቴ ጋር ልነጋገር" በሉትና ወደ ቤት ሂዱ፤ ሄዳችሁም በእርግጥ ተነጋገሩ።