የሣር ሳይንቲስት በስንት ጥቅስ ይለካል?

ብራካሪያ የአፍሪካ ሣር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ውቅያኖስ ተሻገረ፤ ዛሬ በብራዚል፣ በኮሎምቢያና በአካባቢው በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ የቀንድ ከብት ያደልባል። ይህን ሣር በቤተ ሙከራ አቅርበው ከመረመሩት ሳይንቲስቶች መካከል ፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አሉበት። ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመርቀው፣ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2007 ኮሎምቢያ ውስጥ በካሊ አቅራቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ሲያት፣ ሠርተዋል። ሙያቸው የዕፅዋት በሽታ ነው፤ የደከሙበት ሰብል ደግሞ መኖ።

መኖ ላይ የሚሠራ ሰው ስሙ ቶሎ አይወጣም። ስንዴና በቆሎ መንግሥታትን ያስጨንቃሉ፤ ሣር ግን ራሱ የበቀለ ስለሚመስል ተመራማሪ ያለው አይመስልም። የዶክተር ሰገነት ሥራ ይህን ግምት ያፈርሳል። በ2001 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በብራካሪያ ውስጥ ተክሉን ሳያሳምም የሚኖር አንድ ፈንገስ ነጥለው ለዩ፤ ይህ ፈንገስ በሽታ አምጪ የሆኑ ሌሎች ፈንገሶችን እንደሚገታም አሳዩ። ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ፈንገሱ ከእናት ተክል ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል የሚል ነበር። በ2004 የወጣው ጽሑፍ በዘሩ ውስጥ አብሮ እንደሚሄድ መለሰ። ለገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መከላከያው በዘሩ ውስጥ አብሮት ከመጣ፣ መድኃኒት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰውም ይጠቀማል።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚለካው ምንድን ነው? በዓለም ዙሪያ በብዛት የተያዘው መለኪያ የጥቅስ ቁጥር ነው። አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ የተመረኮዘባቸውን ሥራዎች ይጠቅሳል፤ እነዚህ ጥቅሶች በየጽሑፉ ስም ይደመራሉ። ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ ይህን መዝገብ ሲጀምር ዓላማው አንዱን ጥናት ተከትሎ ሌላውን ለማግኘት ነበር። በ2005 የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርጌ ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን አቀረበ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ የተጠቀሱ 30 ጽሑፎች ያሉት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ ቢያንስ 30 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ቁጥር በቅጥርና በዕድገት ኮሚቴዎች ጠረጴዛ ላይ አይጠፋም።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚቆጥረው ጽሑፍ ስለ ጽሑፍ የሚናገረውን ብቻ ነው። የመኖ ሣር ሳይንስ በዚህ ሚዛን ይጎዳል። መስኩ ጠባብ ነው፤ ጠቃሹም ጥቂት ነው። ሣሩ ለዓመታት የሚቆይ ተክል ስለሆነ ሙከራው ራሱ ዓመታት ይወስዳል። ከሥራው ብዙው በማዕከላት ዓመታዊ ሪፖርትና በስፓኒሽ ወይም በፖርቱጋልኛ በሚወጡ መጽሔቶች ታትሞ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ውጤት ዘር ነው። ዘሩን የዘራው ከብት አርቢ የግርጌ ማስታወሻ አይጽፍም።

በዚያው ማዕከልና በዚያው ሣር ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ልዩነቱን ያሳያል። በ2009 ጉንቱር ሱባራዎና ባልደረቦቹ የብራካሪያ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ናይትሮጂን ከአፈር እንዳይባክን እንደሚያግዝ አሳተሙ። ጽሑፉ በሰፊው ተጠቅሷል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የአፈር፣ የማዳበሪያና የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ሁሉ አንባቢዎቹ ሆነውለታል። የሣር በሽታን የሚያጠና ሰው ይህን ያህል አንባቢ የለውም። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማወዳደር፣ በእኔ እምነት፣ ፍርድ ማጓደል ነው። በርካታ ሳይንቲስቶች በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ በተነሣው መግለጫ ላይ የፈረሙት፣ ሰው በታተመበት መጽሔት ደረጃ ሳይሆን በሥራው ይዘት ይመዘን ብለው ነው።

የብራካሪያ ታሪክ ግን ኮሎምቢያ ላይ አላበቃም። በ1984 እና በ1985 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የዱር ብራካሪያ ተሰብስቦ ነበር፤ ሲያትም ሣሩን ሲያዳቅል ቆይቶ ሙላቶ እና ሙላቶ ሁለት የተባሉትን ዝርያዎች አወጣ። ዶክተር ሰገነት በ2007 ወደ አፍሪካ ተመልሰው ናይሮቢ ገቡ፤ በ2013 የዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ የኢሲፔ፣ ዋና ዳይሬክተር ሆኑ፤ በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶችን ሽልማት ተቀበሉ። በዚሁ ማዕከል ዘዴ፣ ሙላቶ ሁለት ዛሬ በኬንያና በኢትዮጵያ በአንዳንድ የበቆሎና የማሽላ ማሳዎች ዳር ይተከላል። የአገዳ ቆርቁሩ የእሳት ራት ሰብሉን ትቶ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይጥላል፤ ከሚፈለፈሉት እጮች አብዛኞቹ እዚያው ይሞታሉ። ሣሩ ደግሞ ታጭዶ ለላሟ ይሰጣል።