ከአጥር ያመለጠው የወፍ ቆሎ

በምዕራብ ሐረርጌዋ ሂርና ግቢውን አበባ በአበባ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው የወፍ ቆሎን ያህል የማያስቸግር ተክል ማግኘት ይከብዳል። ውሃ አጠጡኝ አይልም፤ አንዴ ሥር ከያዘ ዓመት ከዓመት ያብባል። እሾሁ ስላለ አጥርም ይሆናል። ጣጣው የሚመጣው ከአጥሩ ያለፈ ጊዜ ነው።

የሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ ሲሆን የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። አውሮፓውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለአበባው ብለው ወሰዱት፤ ከዚያ በየቅኝ ግዛቱ የአትክልት ስፍራ ተዳረሰ። ዛሬ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት ከሚወርሩ መጤ ተክሎች አንዱ ነው።

ቀረብ ብሎ ላየው ግን ማማሩ አይካድም። በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡት ጥቃቅን አበቦች የሚፈነዱት ከዳር ወደ መሐል ነው። በብዙዎቹ ዝርያዎች አዲሶቹ ቢጫ ናቸው፤ ሲሰነብቱ ወደ ብርቱካናማ፣ ሮዝ ወይም ቀይ ይለወጣሉ። መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ቢራቢሮዎችም የሚያዘወትሩት ቢጫዎቹን ነው። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ በጣት ሲያሹት ሽታው ኃይለኛ ነው።

ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ወፎች በልተውት ዘሩን በኩሳቸው ገደል ላይ፣ ማሳ ዳር፣ ወንዝ አፋፍ ይጥሉታል። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቢያቃጥሉትም እንደዚያው። ጥቅጥቅ ካለ በኋላ ከሥሩ ሣር አይገኝም።

ለምዕራብ ሐረርጌ አርሶ አደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሐረር ሰንጋ የሚደልበው ደጅ ታስሮ፣ የማሽላ አገዳና ቅጠል በእጅ እየቀረበለት ነው። መኖ ሲያጥር ግን የራበው ከብት ያገኘውን ይግጣል። በወፍ ቆሎ ቅጠል ውስጥ ያለው ላንታዲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል። የተመረዘ ከብት ዐይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ፀሐይ ይሸሻል፤ ፀጉሩ ነጭ በሆነበት በኩል ቆዳው ይቆስላል። ከብቱን ጥላ ሥር አስሮ ሐኪም መጥራት ነው። ሂርና ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናት።

እኔ አዲስ አይተከል ባይ ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው አበባው ሲጠወልግ፣ ፍሬ ሳይዝ ይከርክመው። መንቀል የፈለገ ዝናብ አፈሩን ሲያለሰልስ ከነሥሩ ያውጣው፤ ቦታውን ባዶ አይተወው፣ ሣር ይዝራበት። አበባ ለሚወድ ራስ ክምር አለለት፤ ብርቱካናማ ነው፣ ዓመት ከዓመት ይኖራል፣ ያገራችን የዱር አበባም ነው።