አጭር ደብዳቤና ያስከተለው መዘዝ

የሙያ ማኅበራት መጽሔቶች ከጤና ባለሙያዎች የሚቀበሉት ረጅም የምርምር ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በዕለት ተዕለት ሥራ የታየን ነገር የሚያሳውቅ አጭር ደብዳቤም ቦታ አለው። አጭርነቱ ግን ጸሐፊውን ከጥንቃቄ ነጻ አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የማሳቹሴትስ ሐኪሞች ማኅበር በሚያሳትመው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ወጣ። እንደ ደብዳቤው፣ ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ መድኃኒት ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ሳይኖርባቸው ለሱስ መዳረጋቸው በሚገባ የተመዘገበው 4ቱ ብቻ ነበሩ። ርእሱ ግን ናርኮቲክ በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ ሱስ እምብዛም እንደማይታይ በጥቅሉ የሚገልጽ ነበር፤ የሆስፒታሉን ነገር አላነሣም።

ከጊዜ በኋላ ደብዳቤው፣ መድኃኒቱን በየቤታቸው ለረጅም ጊዜ ለሚወስዱ ሕሙማን ጭምር ማስረጃ ተደርጎ ተጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናት ደብዳቤውን የጠቀሱ 608 ጽሑፎችን መርምሮ፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አለመግለጻቸውን አረጋገጠ። አጥኚዎቹ ይህ አጠቃቀስ ለሰሜን አሜሪካ የኦፒዮይድ ቀውስ አስተዋጽኦ ማድረጉን እንደሚያምኑ ገልጸዋል።

ስለሆነም ለማኅበር መጽሔት የሚጽፍ ባለሙያ፣ የታዩት ሕሙማን እነማን እንደሆኑ፣ የትና ለምን ያህል ጊዜ ክትትል እንደተደረገላቸው፣ ያልተመረመረውም ምን እንደሆነ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል። ርእሱም ከማስረጃው እንዳይሰፋ መጠንቀቅ ይገባል። ጠቃሹም ዋናውን ጽሑፍ ሳያነብ መጥቀስ የለበትም፤ በሌላ ስፍራ ያለ ሐኪም በዚያ ቃል ተማምኖ መድኃኒት ያዝዛልና።