ለትልቅ የዓሣ ገንዳ ድምፅ የሌለው ማጣሪያ በቤት ውስጥ ስለ መሥራት

በቤቱ ውስጥ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ፥ ማለት አኳሪየም፥ ያኖረ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይመኛል፤ ይኸውም ውኃው እንዲጠራና ቤቱ ጸጥ እንዲል ነው። እኛም ትልቁን ገንዳ በሳሎናችን ባኖርን ጊዜ ይህንኑ ተመኝተን ነበር። ነገር ግን ከገበያ የገዛነው ማጣሪያ በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ሌሊቱን ሁሉ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ነበርና እንቅልፍ ነሣን። ስለዚህ ማታ እያጠፋን ጧት እናበራው ጀመር። ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀን በማለዳ ስንነሣ ዓሦቹ ትንፋሽ አጥሯቸው፥ አፋቸውን ከፍተው በውኃው ገጽ ላይ አገኘናቸው፤ እስከ ማታም ሰባቱ ሞቱ። ትንሿ ልጃችን «ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አጣን፤ ጥፋቱ የእኛ ነበርና።

ነገሩን መርምረን እንደ ተረዳነው፥ ማጣሪያ ቆሻሻን የሚይዝ ወንፊት ብቻ አይደለም። ከዓሦቹ ሰውነት ከሚወጣውና ከተረፈው ምግባቸው አሞኒያ የሚባል መርዝ በውኃው ውስጥ ይፈጠራል። በስፖንጁ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይህንን በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እርሱም ገና መርዝ ነው። ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በአፈር ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለይቶ አሳይቷል። እነዚህ ደቂቅ ፍጥረታት ኦክስጅን ይሻሉ፤ ውኃው በስፖንጁ ውስጥ ማለፉን ሲያቆም ይታፈናሉ። የውኃው ገጽ ጸጥ ሲል ደግሞ ዓሦቹንም አየር ያጥራቸዋል። እንግዲህ ማጣሪያ ድምፅ እንዳይኖረው የምንደክመው ለጆሯችን ምቾት ብቻ ሳይሆን፥ ማንም ሰው ሌሊት ተነሥቶ እንዳያጠፋው ነው።

ለዚህ የሚስማማው በጀርመን ከተማ ስም «የሃምቡርግ ምንጣፍ ማጣሪያ» የሚባለው ነው። ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50፥ የውኃው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 270 ሊትር ያህል ይይዛል። ገንዳው ገና ባዶና ደረቅ ሳለ፥ ከአንዱ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርቆ፥ በፊተኛውና በኋለኛው መስተዋት ላይ ሁለት ሁለት ቀጫጭን የመስተዋት ቁራጮች ከታች እስከ ላይ በሲሊኮን ይለጠፋሉ፤ በመካከላቸውም 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ የሚገባበት ቦታ ይተዋል። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልገባበት ይሁን፤ ሽታውም ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ውኃ አይጨመር። ስፖንጁ ለማጣሪያ የተሠራ እንጂ የፍራሽ አይሁን፤ የፍራሽ ስፖንጅ ዓሣን የሚጎዳ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላልና። ወርዱ ከገንዳው 1 ሳንቲ ሜትር በልጦ ቢቆረጥ ተጣብቆ ስለሚገባ ዓሣ በጎን አይሾልክም። ቁመቱም ከውኃው ጥቂት ከፍ ይበል።

ከስፖንጁ በስተጀርባ ትንሽ የውኃ ፓምፕ ይቀመጣል፤ የተጣራውንም ውኃ ስፖንጁን በስቶ በሚያልፍ ቱቦ ወደ ዓሦቹ ይመልሰዋል። የፓምፑ ኃይል በሒሳብ ይወሰናል። የስፖንጁ ገጽ 50 በ45፥ ማለት 2,250 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በሰዓት 800 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ በደቂቃ 13,300 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ያህል ያሳልፋል፤ ይህም ለ2,250 ሲካፈል ውኃው በደቂቃ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። ለዚህ ማጣሪያ የሚመከረው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ በቂ ነው።

የድምፅ ምንጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የፓምፑ ንዝረት ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ መስተዋቱን ሳይነካ በስፖንጅ ቁራጭ ላይ ይቀመጥ፤ ከቱቦውም ጋር በለስላሳ ጎማ ይያያዝ። ሁለተኛው የሚወርድ ውኃ ነው፤ ስለዚህ የቱቦው አፍ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ሳይንጨፈጨፍ ገጹን ብቻ ያነቃንቅ፤ አየር የሚገባው በዚሁ ነውና። ሦስተኛው ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ከበስተጀርባው ያለው ውኃ ዝቅ ይላል፤ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ጊዜ የመታጠቢያው ሰዓት ደርሷል።

ሲታጠብ ግን ከዚያው ገንዳ በተቀዳ የባልዲ ውኃ በቀስታ ይጨመቅ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። እጅን ወደ ውኃው ከማስገባት በፊት ሶኬቱ ይነቀል። የፓምፑም ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም።

አዲስ ማጣሪያ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በዚያ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባት፥ ምግባቸውንም መመጠን ይገባል። መብራት በጠፋም ጊዜ ይህ ማጣሪያ ለገንዳው ውኃ ክፍት ስለ ሆነ፥ ከተዘጋው ይልቅ ባክቴሪያዎቹን ያቆያል።

ዛሬ በቤታችን ማታ የሚሰማ ነገር የለም። ትንሿ ልጃችንም ከመተኛቷ በፊት በውኃው ገጽ ላይ ያለችውን ጥቂት ሞገድ አይታ፥ «ይሠራል» ብላን ወደ መኝታዋ ትሄዳለች።