ከመድረኩ ማግስት፦ የአፋር ኪነ ጥበብና የክልሉ ምክር ቤት

ኅዳር 29 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰመራ ከየክልሉ በመጡ እንግዶች ተሞልታ ነበር። አሥራ ሁለተኛውን የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የማስተናገዱ ተራ የአፋር ነበር። የክልል መቀመጫነትን ከአሳይታ ከተረከበች ብዙ ዓመት ያልሞላት፣ በጅቡቲ አውራ ጎዳና ዳር የተቆረቆረችው ከተማ፣ የአፋርን ጨዋታ ለአገር አሳየች። በዓሉ አለፈና ተራው ለሌላ ክልል ተላለፈ። የቀረው ጥያቄ ከዚያ በፊትም የነበረ ነው፤ በቀሪዎቹ ቀናት ይህን ጥበብ የሚይዘው ማን ነው? በሰመራ ምክር ቤት የተቀመጠ፣ ከአዋሽ ወይም ከዱብቲ የተመረጠ ሰውስ ስለዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ ይችላል?

ሕጉ ለተመራጩ በቂ መነሻ ሰጥቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቋንቋውን የማሳደግ፣ ባህሉን የመግለጽና ታሪኩን የመንከባከብ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ቅርስን እንዲጠብቅ፣ ኪነ ጥበብንና ስፖርትን ለማስፋፋት አስተዋጽኦ እንዲያደርግ ያዛል። አንቀጽ 91 የኪነ ጥበብን ነገር እንደገና ያነሳና አንድ ልጓም ያስገባበታል፦ ግዴታው የሚፈጸመው አቅም በፈቀደ መጠን ነው። የአፋር ክልል በጀት አብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ የሚሸፈን በመሆኑ፣ ይህች ሐረግ ኪነ ጥበብን በየዓመቱ ወደ ተራው መጨረሻ ስትገፋው ኖራለች። በድርቅ ወር ውሃ በቦቴ ማመላለስ ይቀድማል፤ መቅደሙም ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ሳይደርስ ዓመቱ ማለቁ ነው።

ብሔራዊው የባህል ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተሻሻለ። አቅጣጫውን የሚያስቀምጠው የፌዴራል መንግሥት ሲሆን ሥራው የሚወርደው በየክልሉ ለተቋቋመ ቢሮ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ያንን ቢሮ ይቆጣጠራል። አፋር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለው ወንበር ከ547ቱ 8 ብቻ ነው። ስለዚህ የአፋር ዘፈን፣ ተረትና የእጅ ሥራ ዝርዝር ጉዳይ የሚወሰነው ሰመራ ላይ ነው፤ ካልሆነም አይወሰንም። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በአገራችን የክልል ምክር ቤት አባላት አብዛኞቹ መደበኛ ሥራቸው ሌላ ነው፤ የሚሰበሰቡትም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። ተመራጩ ወደ ጉባኤው የሚመጣው የሕዝቡን ብሶት ተሸክሞ ነው። ከዚያ ብሶት መካከል የባህል ጉዳይ ጎልቶ ካልወጣ፣ ሪፖርቱ ተደምጦ ያልፋል።

ይህ ጥበብ ግን ምን ዓይነት ነው? ፖሊሲ የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት የኪነ ጥበብ ድጋፍ ከጥንቱም መድረክ ተኮር ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተመሠረቱ፤ ደርግ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም እንደ ባሕር ዳሩ ሙሉዓለም ያሉ የባህል ማዕከላት መጡ። እነዚህ ሁሉ ወንበር፣ መጋረጃና ከተሜ ተመልካች ይፈልጋሉ። የ1999ኙ ቆጠራ በአፋር 1,390,273 ሰው መዝግቦ ነበር፤ ከመቶው 87 የሚሆነው የሚኖረው ከከተማ ውጭ ነበር። ላሌ፣ ኬኬና ሆራ የሚባሉት ጭፈራዎች የሚካሄዱት በዚያ ሕዝብ ሠርግና ስብሰባ ላይ ነው። ጂኒሌ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ተመልካች የለውም ቢባል ይሻላል፤ ሰዎቹ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡና እየዘመሩ መካከል ላይ ላለው ሰው ጥያቄ ያቀርባሉ፣ እሱም ስለ ዝናቡና ስለሚመጣው ነገር በግጥም ይመልሳል። ጠያቂዎቹ ከሌሉ ጂኒሌ የለም። አምስት ደቂቃ ተመጥኖለት በአዳራሽ ሲቀርብ የሚታየው እንቅስቃሴው ብቻ ነው።

ዳጉ የሚባለው የወሬ ልውውጥም እንዲሁ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን፣ ግጦሹን፣ ውሃውን፣ የሰውንና የከብቱን ደኅንነት፣ በሥርዓት ይለዋወጣሉ። ወሬውን ማዛባት ነውር ነው። የአፋር ሴቶች ከዘንባባ የሚሠሩት ምንጣፍም የቤቱ ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ ቤቱ ፈርሶ ግመል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። አሁን በአውራ ጎዳናው ዳር ለመንገደኛ የሚሸጠው ይኸው ምንጣፍ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የክልሉ ሌላ ፊት ነው። ከሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ በጋቢ ረሱ ዞን፣ ምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ከከረዩ ኦሮሞ አገር የሚለያት አንድ እርምጃ ነው፤ በገበያ ቀን አፋሩና ከረዩው ይገናኛሉ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በየሱቁ ይሰማሉ። በዚያው ዞን የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ፤ የራሱ ቋንቋና ዝማሬ ያለው ሕዝብ ነው። ከዚህ አካባቢ የተመረጠ ሰው ስለ ባህል ሲናገር የአንድ ሕዝብ ባህል ብቻ ቢናገር የመራጩን ግማሽ ያስቀይማል።

የአዋሽ ሕዝብ ግን ተመራጩን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዘፈን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ትንቀጠቀጥ ነበር። በታኅሣሥና በጥር ንዝረቱ በረታ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ መሬት ተተረተረ፣ በዶፈን አካባቢ እንፋሎት ፈነዳ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነስቶ ወደ መጠለያ ሄደ። ከዚያ በፊት በ2012 ክረምት የአዋሽ ጎርፍ፣ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በሰሜኑ የክልሉ ክፍል በመቶ ሺዎች አፈናቅሏል። በዚህ ላይ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ አለ። ከአርባ ዓመት በፊት በመካከለኛው አዋሽ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ የገባው ዛፍ የወንዙን ዳር የግጦሽ መሬት ወርሮታል። የአዋሽ ፓርክ ወሰን፣ የከሰምና የተንዳሆ የስኳር እርሻዎች የያዙት መሬት፣ የወጣቱ ሥራ ማጣት ደግሞ አሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ ኪነ ጥበብን ማንሳት ቅንጦት ይመስላል። አይደለም። የአፋር ጥበብ ከአኗኗሩ ተነጥሎ የቆመ ስላልሆነ፣ ግጦሹ በእሾህ ሲዘጋ ምንጣፍ የሚጠቀለልበት ጉዞ ይቀራል፤ ጎሳው በመጠለያ ድንኳን ሲበታተን ጂኒሌ የሚቆምበት ክብ ይፈርሳል። በአዋሽ ፈንታሌ የተፈናቀለ ሽማግሌ ከቤቱ ጋር አድማጮቹንም ያጣል። ስለዚህ ስለ መልሶ ማቋቋም የሚናገር ተመራጭና ስለ ባህል የሚናገር ተመራጭ አንድ ሰው መሆን ይገባዋል። የተፈናቀሉትን ሲያሰፍሩ ጎሳንና ጉርብትናን ሳይበትኑ ማስፈር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ትልቅ የባህል ውሳኔ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የቋንቋው ጉዳይ ይመጣል። አፋርኛ በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ የሚጻፍበት በላቲን ላይ የተመሠረተው ፊደል በ1960ዎቹ ዲሚስና ሬዶ ከተባሉ ሁለት አፋሮች ስም ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛና ከሶማሊኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን ታስቧል። ትልቅ ዕርምጃ ነው። ይሁን እንጂ የፓርከርና የሄይዋርድ የአፋርኛ መዝገበ ቃላት በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው ለንደን ነው፤ የዲዲዬ ሞረን የአፋር ቃል ግጥም ጥናቶችም የወጡት አውሮፓ ውስጥ ነው። በጅቡቲ የመንግሥት ሬዲዮ አፋርኛ ከዓመታት ጀምሮ ከአገሪቱ የሥርጭት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለክልሉ ምክር ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ቃላቸውን ቀድቶ፣ ጽፎ፣ ለትምህርት ቤት የሚያደርስ ቋሚ ሥራ በስንት ብር ይሠራል? ለዚህ ሥራ አጋር ሊሆን የሚችለው፣ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰመራ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ሰመራ ውስጥ አለ።

ክልሉ ለዓለም ያበረከተውን ማየትም ይጠቅማል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ተገኘች፤ ሰላም የተባለችው ሕፃን ዲኪካ፤ አርዲም ከዚያው ከአዋሽ ሸለቆ ናት። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። አጥንቶቹ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ይቀመጣሉ፤ ድንቅነሽ አሜሪካን ዞራለች፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከሰላም ጋር ፕራግ ታይታለች። አጥንቶቹን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪ አዲስ አበባ ስላለ ይህ ለጊዜው ትክክል ሊሆን ይችላል። በሐዳርና በዲኪካ ዙሪያ የሚኖረው አርብቶ አደር ግን ከዚህ ዝና ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ የተመራጩ ሥራ ነው።

በማይዳሰስ ቅርስ በኩል ኢትዮጵያ መስቀልን፣ ፊቼ ጨምበላላን፣ ገዳን፣ ጥምቀትንና ሹዋሊድን በዩኔስኮ አስመዝግባለች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ ሔር ኢሴ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ ተመዘገበ። አፋርና ኢሳ በግጦሽና በውሃ ብዙ ደም የተቃቡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ቢሆንም ከጎረቤት መማር አያሳፍርም። የአፋር ባህላዊ ሕግ መድአም እንደ ሔር ኢሴ ከአንድ አገር በላይ የሚሠራ፣ በቃል የሚተላለፍ ሕግ ነው። ለምዝገባ የሚያበቃው የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ የጽሑፍ ዝግጅትና የዓመታት ክትትል ነው። የሚጀምረውም ከክልሉ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከዚያ አካባቢ ምክር ቤቱ ሰመራ ተሰብስቦ ቁጥሮቹን ያጸድቃል። በአዋሽም ሆነ በሰመራ ያለ መራጭ ተመራጩን ከዚያ በፊት አግኝቶ አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ለባህል ቢሮ ከሚመደበው ገንዘብ ስንቱ ለበዓል መድረክ፣ ስንቱ ሽማግሌን ለመቅዳት፣ ስንቱስ ለምንጣፍ ሠሪዋ ሴት ይደርሳል? መልሱን በቁጥር ይቀበል።