ቡናማው ቀለም መቼ ይታመናል?

ከጡት እብጠት የተወሰደ ናሙና ላቦራቶሪ ሲደርስ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ፓራፊን ሰም ውስጥ ይደነድንና ማይክሮቶም በሚባል መቁረጫ ይሳሳል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 4 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ 250ው ተደራርበው 1 ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው።

በተለመደው ቀለም የተነከረ ቁራጭ የሴሎቹን ቅርጽ ያሳያል፤ ካንሰር መሆኑንም ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከዚያው ይለያል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ሴሉ የተሸከመውን ፕሮቲን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ አንቲቦዲ ይጠራል። ሰውነታችን ወራሪን ለመያዝ የሚያመርተው ይህ ፕሮቲን የራሱን ዒላማ ለይቶ ይይዛል።

በ1941 በሃርቫርድ አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ የሳንባ ምች ባክቴሪያን በሚይዝ አንቲቦዲ ላይ በጨረር የሚያበራ ቀለም አያያዙ። አንቲቦዲው የት እንዳረፈ በዓይን ታየ። ዛሬ በሆስፒታል የተለመደው በኢንዛይም የሚሠራው ነው፦ አንደኛው አንቲቦዲ ፕሮቲኑን ይይዛል፣ ኢንዛይም የተሸከመው ሁለተኛው ደግሞ አንደኛውን፤ ኢንዛይሙ የተጨመረለትን ኬሚካል እዚያው ቡናማ ያደርገዋል።

ፎርማሊን ግን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር ዒላማውን ይሸፍነዋል። በ1991 ተመራማሪዎች ቁራጩን በማይክሮዌቭ ሲያሞቁት የተሸፈነው ተገለጠ። ሙቀት የእንቁላልን ፕሮቲን ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሁሉ ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ለእኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ግኝት እሱ ነው። በየመዝገብ ቤቱ ለዓመታት የተቀመጡ የሰም ናሙናዎች እንደገና መመርመር ቻሉ።

የጡት ካንሰር ላይ ሄር2 የተባለው ፕሮቲን ከ0 እስከ 3+ ደረጃ ይሰጠዋል። ከ10 በመቶ በሚበልጡት የካንሰር ሴሎች ዙሪያ ደማቅና ሙሉ ቡናማ ቀለበት ከታየ 3+ ነው፤ ታካሚዋ ትራስቱዙማብ ልታገኝ ትችላለች። መድኃኒቱ ራሱም አንቲቦዲ ነው። 2+ ከሆነ የጂን ምርመራ ይታከላል።

ቀለም ሳይታይ ሲቀርስ? ፕሮቲኑ ላይኖር ይችላል፤ አንቲቦዲው ተበላሽቶም፣ ማሞቂያው በቂ ሳይሆን ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮቲኑ እንዳለው የሚታወቅ ሌላ ናሙና አብሮ ይቀለማል፤ አንደኛው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ቁራጭም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቡናማ መሆን አለበት፣ ሁለተኛው መሆን የለበትም። ይህ ካልተሟላ በታካሚዋ ወረቀት ላይ «የለም» ተብሎ አይጻፍም፤ ከሰሙ አዲስ ቁራጭ ወጥቶ ሥራው እንደገና ይጀመራል።