ጠፋ ወይስ ተሰረቀ? ወርቃችሁ ሳይጠፋ ማወቅ ያለባችሁ

የእህቴ ልጅ ሠርግ ማግስት ነው። ከአዳራሹ የተመለስነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ስለነበር ማን ምን የት እንዳስቀመጠ አያስታውስም። ጠዋት ለመልሱ ልዘጋጅ ብዬ የጌጥ ሣጥኔን ስከፍት ጉትቻው አለ፣ ቀለበቱ አለ፣ ሐብሉ የለም። እናቴ ለሠርጌ ፒያሳ ወርቅ ቤት ያሠራችልኝ፣ 40 ግራም የሚመዝን ባለ 21 ካራት ሐብል ነበር።

ያልፈተሽነው ቦታ የለም። የሀበሻ ቀሚሱን አራገፍን፣ የመኪናውን ወንበር ሥር በባትሪ አየን፣ ባለቤቴ አዳራሹ ድረስ ሄዶ የጽዳት ሠራተኞቹን ጠየቀ። ቪዲዮ አንሺው ቀረጻውን አሳየን። ኬክ ሲቆረስ ሐብሉ አንገቴ ላይ አለ። እስክስታው ሲደራ የለም። በመካከሉ ምን እንደሆነ አንድዬ ይወቀው።

«ኢንሹራንስ አላችሁ አይደል? ምን ያስለቅስሻል!» አለችኝ እህቴ። እውነት ነው፣ የቤት ኢንሹራንስ አለን። በየዓመቱ እንከፍላለን፤ ውሉን ግን አንድም ቀን አንብበነው አናውቅም። ሰኞ ጠዋት ልንደውል ስንል አንዲት ጓደኛዬ ቀድማ ደወለች። «ስሚኝ፣ ጠፋብኝ እንዳትዪ። ተሰረቀ በዪ። ጠፋ ካልሽ ሰባራ ሳንቲም አይሰጡሽም» አለችኝ።

የኔ እንግሊዝኛ ለስልክ አይበቃም። እንደ ሁልጊዜው የምታስተረጉምልኝ የ13 ዓመት ልጄ ነበረች። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ስማችንን፣ አድራሻችንን፣ የፖሊሲ ቁጥሩን ተናገረች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ተሰርቋል ወይስ ጠፍቷል? እያለች ነው።»

በዚህች ጥያቄ ውስጥ ያለው ገንዘብ

ጓደኛዬ ስለ ውሉ ያለችው ትክክል ነበር። እዚህ አሜሪካ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም ሆነ ተከራዮች የሚገቡት ሬንተርስ ኢንሹራንስ ለዕቃችን የሚከፍለው በውሉ ላይ በስም ለተዘረዘሩ አደጋዎች ነው፤ ለእሳት፣ ለስርቆት፣ ለማዕበልና ለመሳሰሉት። «የት እንደገባ አላውቅም» የሚባለው ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቀለበት ከጣት ወልቆ ቢጠፋ፣ ሐብል ተበጥሶ ቢወድቅ ተራው ፖሊሲ አይከፍልም።

ቢሰረቅስ? ቢሰረቅም ጣሪያ አለው። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ለተሰረቀ ጌጣጌጥ የሚከፍሉት ቢበዛ 1,500 ዶላር ነው። ይህ ለአንድ ዕቃ ሳይሆን በዚያ ስርቆት ለሄደው ጌጥ በሙሉ ነው። በፖሊሲው ላይ «የቤት ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር» ተብሎ ቢጻፍም ወርቅ በዚያ ውስጥ የራሱ ትንሽ ጣሪያ አለው። በዚያ ላይ ዲዳክተብል አለ፤ ማለትም ኩባንያው መክፈል ከመጀመሩ በፊት እናንተ ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ። ብዙ ቤተሰብ 500 ወይም 1,000 ዶላር ነው ያለው።

አሁን የወርቅን ዋጋ አስቡት። 21 ካራት ማለት ከ24ቱ እጅ 21ዱ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ስለዚህ በኔ 40 ግራም ሐብል ውስጥ 35 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። አንድ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የአንድ አውንስ ዋጋ በ2025 ጥቅምት ወር ከ4,000 ዶላር አልፏል። በዚያ ዋጋ የእጅ ሥራው ሳይቆጠር ወርቁ ብቻ 4,500 ዶላር ይሆናል። የ1,500 ዶላሩ ጣሪያ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ለምን «ተሰረቀ» አላልኩም?

አልዋሽም፣ ፈተናው ነበረ። 1,500 ዶላር ለኛ ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን ያን ቃል የምትናገረው እኔ አልነበርኩም። ልጄ ነበረች። ስልኩን ይዛ ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«አላውቅም በያት» አልኳት። «ኬክ ሲቆረስ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የለም። የነካኝ ሰው አላየሁም። በያት።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጥያቄያችንን አልተቀበሉትም። በዚያ ምሽት ልጄ እራት እየበላች «እማዬ፣ ተሰረቀ ብትዪኝ እኮ እለው ነበር» አለችኝ። ሐብሉ ከጠፋበት ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የደነገጥኩት።

ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ነገሩ የሕሊና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስርቆት ካላችሁ ኩባንያው የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቃል፤ በሐሰት ሪፖርት ማድረግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። አጃስተር የሚባለው ጉዳዩን የሚመረምር ሠራተኛ ቃላችሁን በድምፅ ሊቀዳ፣ ኩባንያውም በመሐላ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሆን ብሎ መዋሸት ከተገኘ ካሣው መቅረቱ ብቻ ሳይሆን ፖሊሲው በሙሉ ሊፈርስ ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ በማጭበርበር ቢፈረድበት ግሪን ካርዱና የዜግነት ማመልከቻው አደጋ ላይ ይወድቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርጋቸው። ብዙ ኩባንያዎች በስልክ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትሉት «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» የሚለውን ይሁን። ባይኖራቸው ዕድሜው የደረሰ ዘመድ ይርዳችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ተከፈለ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሐብሉ ከጠፋ በኋላ ነው ውሉን ያነበብነው። ወኪላችን ዘንድ ሄደን ጠየቅነው። መፍትሔው ራይደር ይባላል፤ እያንዳንዱን ጌጥ በስሙና በዋጋው ለይቶ ማስመዝገብ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ጌጥ ተሰርቆ ብቻ ሳይሆን እንዲሁ ቢጠፋም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ብዙዎቹ ዲዳክተብልም የላቸውም። ክፍያው በዓመት ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ዋጋ በመቶ ከ1 እስከ 2 ነው። ለ4,000 ዶላር ጌጥ ከ40 እስከ 80 ዶላር በዓመት ማለት ነው።

ለማስመዝገብ ደረሰኝ ወይም አፕሬይዛል፣ ማለትም የባለሙያ የጽሑፍ ግምት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የተሠራ ወርቅ ደረሰኙ አብሮን ስለማይኖር አይጨንቃችሁ። ጌጡን እዚህ ወደሚሠራ ገማች ውሰዱት፤ ግራሙን፣ ካራቱን፣ አሠራሩንና ዋጋውን ከፎቶ ጋር ይጽፍላችኋል። የወርቅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ግምቱን በየሁለትና ሦስት ዓመቱ አሳድሱት።

እኛ ቀለበቱን፣ ጉትቻውንና አንድ ባለ 18 ካራት አምባር አስመዘገብን። በተከታዩ ክረምት፣ ገና ዕለት፣ በረዶ የሞላው ፓርኪንግ ላይ አምባሩ ከእጄ ወለቀ። ቀኑን ሙሉ ፈለግን፣ አላገኘነውም። በማግስቱ ደወልን፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚ ጠይቄ ራሴ ነኝ ያወራሁት። «ተሰረቀ ወይስ ጠፋ?» ስትለኝ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ጠፋ!»

ኩባንያው መጀመሪያ በራሱ ጌጥ ሻጭ በኩል ተመሳሳይ አምባር ሊሰጠን ፈለገ። የላኩልን ፎቶ ከኛ አምባር ጋር አይገናኝም። የኛን ፎቶና የገማቹን ወረቀት ልከን፣ የሀበሻ ጌጥ ከሚሠራ አንጥረኛም ዋጋ አስጽፈን አቀረብን። በሦስተኛው ሳምንት የ2,200 ዶላር ቼክ ደረሰን። ያስመዘገብነው ዋጋ ሁሉ በቀጥታ ይከፈላል ማለት እንዳልሆነ ግን እወቁ። ብዙ ፖሊሲዎች ዕቃውን ለመተካት የሚበቃውን ብቻ ነው የሚከፍሉት። ስታስመዘግቡ «የሚከፈለኝ የተጻፈው ዋጋ ነው ወይስ የመተኪያው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

1. መጀመሪያ ጻፉ። መጨረሻ ያያችሁት መቼና የት እንደሆነ፣ አብሯችሁ ማን እንደነበር በዚያው ቀን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከሳምንት በኋላ ትዝታ ይደባለቃል።

2. ስርቆት ከሆነ ለፖሊስ ወዲያው አመልክቱ፤ የሪፖርቱን ቁጥር ያዙ። ሆቴል ወይም አዳራሽ ውስጥ ከጠፋ ለኃላፊው በጽሑፍ አስታውቁ።

3. ሳትዘገዩ ለኢንሹራንሱ ደውሉ። ያናገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የክሌም ቁጥሩን መዝግቡ። ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩትን በተቻለ መጠን በኢሜይል አድርጉት።

4. ማስረጃ ሰብስቡ። ደረሰኝና ግምት ከሌለ ጌጡን ያደረጋችሁበት ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ያሠራው ወይም የሰጣችሁ ሰው ጽሑፍ ይረዳል።

5. ኩባንያው «ፕሩፍ ኦፍ ሎስ» የሚባል በመሐላ የሚፈረም ቅጽ ሊልክላችሁ ይችላል። በተለመደው ውል መሠረት ከተጠየቃችሁ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ያልገባችሁን ነገር አትፈርሙ።

6. ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን የውሉን ክፍል ጠቅሰው በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ውሳኔው ትክክል ካልመሰላችሁ በየስቴቱ ያለው የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሸማቾችን አቤቱታ በነጻ ይቀበላል።

እኛ ሀበሾች ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገን

የተዋሰ ወርቅ። ለሠርግ ከእህት፣ ከጓደኛ መዋዋስ ባህላችን ነው። የሰው ወርቅ አድርጋችሁ አዳራሽ ስትሄዱ ግን የናንተ ኢንሹራንስ አብሯችሁ ላይሄድ ይችላል። ከማድረጋችሁ በፊት የባለቤቷ ጌጥ በስሟ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ።

አብሮ መኖር። ሦስትና አራት ሰው ሆናችሁ ቤት ተከራይታችሁ ከሆነ የአንዱ ሬንተርስ ኢንሹራንስ ዘመዱ ያልሆነውን የቤት ጓደኛውን ዕቃ አይሸፍንም። እያንዳንዱ የራሱን ይግባ፣ ወይም ስሙ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወደ አገር ቤት ጉዞ። ወርቅ በፍጹም በሻንጣ አትላኩ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ግቡ። ከአሜሪካ ስትወጡ ጉምሩክ ዘንድ ፎርም 4457 ላይ ጌጣችሁን ብታስመዘግቡ፣ ስትመለሱ «ከውጭ የገዛሽው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናችኋል። ራይደራችሁ ኢትዮጵያ ውስጥም እንደሚሠራ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

እዚህ የጻፍነው የአሜሪካውን አሠራር ነው። በሌላ አገር የምትኖሩም ለወኪላችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፤ «ለጌጥ የምትከፍሉት ቢበዛ ስንት ነው? ከቤት ውጭ ቢጠፋስ?»

ለልጆች፦ የቅዳሜ ሥራ

ልጆች፣ ይሄ የናንተ ነው። በዚህ ቅዳሜ እማዬን ወይም አባዬን አስፈቅዳችሁ የቤታችሁን ጌጥ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ፎቶ አንሱ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ማኅተም ወይም ቁጥር ካለበት ደግሞ ቀረብ ብላችሁ። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ግራሙን ጻፉ። ከዚያ «ይሄን ማን ሰጠሽ? የት ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ከሥሩ አስፍሩ። ፎቶዎቹን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉ፤ ስልክም ይጠፋል። ለሌላ የቤተሰብ አባልም በኢሜይል ላኩ። ለጓደኛ ግን አታሳዩ፣ ቲክቶክ ላይም እንዳታወጡ!

የኔ ልጅ ይህን ስትሠራ ስለጠፋው ሐብልም አንድ ገጽ ጻፈች። የሠርጌን ፎቶ ለጠፈችበት፣ ግራሙን ጻፈች፣ ለአያቷ ደውላ ማን እንደሠራው ጠየቀቻት። ለኢንሹራንሱ አይጠቅምም። ገጹን ግን ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠነዋል።